የማዳም ሰዓት

እህቴ ቤሩት ከሄደች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሁለት ሰዓት ነበር፤ የእማዬ ሰዓትና የማዳም ሰዓት።

የእማዬ ሰዓት ፀሐይ ነበረች። ለቡ ገና ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት አገር ሳለ እዚያ ተወልዳ እዚያው አድጋለች። በኋላ ዕጣ ወጥቶልን ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስንገባም የግድግዳ ሰዓት ስቀሉልኝ አላለችም። በረንዳ ላይ ወጥታ ጥላው የፊት ለፊቱን ብሎክ እስከ የት እንደሸፈነ ታይና "ሦስት ሊሆን ነው" ትላለች። እውነትም ሦስት ሊሆን ነው። ደመና በሆነ ቀን እንኳ ብዙም አትስትም ነበር። ስልኬን አውጥቼ ላርማት ስሞክር "ያንቺው ቻርጅ ያልቅበታል፣ የኔዋ ምንም አያልቅባት" ትለኛለች።

የማዳም ሰዓት ደግሞ እንዲህ ነው። እህቴ ቤሩት ውስጥ በአንድ ቤት ሠራተኛ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ስትሠራ ከርማ እሁድ ጠዋት፣ በነሱ አቆጣጠር አስር ሰዓት ሲሆን፣ ማዳምና ቤተሰቧ የማዳም እናት ዘንድ ሊውሉ ይወጣሉ። ስልኳ የሚከፈተው ያኔ ነው። በሌላ ቀን ማዳም ጓዳ ውስጥ ስልክ ማየት አትወድም። በሩን ግን አትቆልፍባትም። ለዚህች ለአንዲት ደግነቷ ሲባል እማዬ መካኒሳ አቦ በሄደች ቁጥር ለማዳም ጧፍ ታበራላት ነበር። "ስሟን እንኳ አላውቀው፣ አቦዬ ያውቋታል" ትላለች።

እኔ በዚያን ጊዜ ጀሞ ውስጥ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሱቅ ተቀጥሬ፣ ሰው በሌለ ሰዓት ፕሮግራሚንግ እማር ነበር። አስተማሪ አልነበረኝም። ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ቪዲዮ ደጋግሜ አያለሁ፣ የተባለውን እጽፋለሁ፣ አይሠራም፤ አጥፍቼ እንደገና እጽፋለሁ። የራሴ ብዬ መጀመሪያ የሠራሁትም ዌብሳይት ለእማዬ ነው። አንድ ገጽ ብቻ ነበረች። ስትከፈት በትልልቅ ፊደል "ልጅሽ እሁድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ትደውላለች" ትላለች፣ ከሥሯ ደግሞ እስከዚያ የቀረውን ጊዜ እየቀነሰች ታሳያለች። ኮምፒውተሩ አስር ያለውን ስድስት ቀንሼ በእኛ አቆጣጠር አራት አደረግሁት። ቤሩት በዚያ ወቅት ከእኛ ጋር እኩል ስለነበረች ሌላ ስሌት አላስፈለገኝም። ገጿ ስትከፈት ሱቁ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ፎቶኮፒ ሊያስነሱ የመጡ አንድ ሽማግሌ "ምን ተገኘ?" አሉኝ። "እናቴ ከእንግዲህ ሰዓት አትጠይቀኝም" አልኳቸው።

ጥቅምት ላይ ተበላሸች።

የዚያን እሁድ እማዬ ከቅዳሴ ተመልሳ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታጥፍ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አራት ሰዓት ሆነ። አልተደወለም። ጥቂት ጠበቅን። የገጿ ቆጣሪ ዜሮ ላይ ቆሟል። እማዬ ቁርስ አትቀምስ፣ አትናገር፣ ከስልኩ ላይ ዓይኗን አታነሳ። ከሰው አገር የሚመጣ ወሬ ምን ዓይነት እንደሆነ በብሎካችን የማያውቅ እናት የለም። በመጨረሻ አምስት ሰዓት ላይ ስልኩ ሲጮህ ወደ እኔ ገፋችው፤ እኔ አነሳሁላት።

እህቴ ምንም አልሆነችም። "ምነው፣ እንደ ሁልጊዜው በአስር ነው የደወልኩት" አለች። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ "እ፣ ለካ ዛሬ እዚህ ሰዓት ቀይረዋል።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እማዬ ወደ እኔ ዞረች።

"ሰዓት ነው የሚቀየረው?"

"በዓመት ሁለቴ ወደፊት ይገፉትና መልሰው ወደኋላ ያመጡታል፣ እማዬ።"

"ማን ነው የሚገፋው?"

"መንግሥታቸው።"

"ፀሐይዋንስ?"

"ፀሐይዋማ ባለችበት ናት።"

ነጠላዋን እያጠፈች "ማዳም ናት" አለች። "አንድ ሰዓት ጨምራ ልታሠራት ነው።"

"ያገሩ ሰው ሁሉ ነው የሚቀይረው፣ እማዬ።"

"እንግዲያው ያገሩ ሰው ሁሉ ሠራተኛ አለው ማለት ነዋ።"

እኔም የጀማሪ ነገር፣ አራት የሚለውን አምስት አድርጌ ተገላገልኩ ብዬ ላፕቶፑን ዘጋሁ። መጋቢት ሲመጣ ቤሩቶች ሰዓታቸውን መልሰው ገፉት። እህቴ አራት ሰዓት ላይ ስትደውል ገጿ ገና አምስት ትላለች። እማዬ ገና ከአቦ አልተመለሰችም፣ ስልኳም ቅዳሴ ስትገባ እንደተዘጋ ነው። እቤት ደርሳ ስትከፍተው የመጣው የእህቴ መልእክት ብቻ ነበር፤ ማዳሞቹ የዚያን ቀን ቶሎ ተመልሰው ኖሮ በጥድፊያ የተጻፈ፣ "እማዬ የት ነሽ" የሚል። እማዬ በረንዳ ላይ ወጥታ ፀሐይዋን እያየች አለቀሰች።

ያኔ ነው ቁጭ ብዬ የተማርኩት።

በሁለት አገር መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት ሲያዩት ቁጥር ይመስላል። በቁጥር ከተቀመጠ ግን ዛሬ ልክ ሆኖ ከመንፈቅ በኋላ ይዋሻል። ስለዚህ ኮድ ውስጥ የሚጻፈው የከተማዋ ስም ነው። በዓለም ያሉ ፕሮግራመሮች በጋራ የሚጠብቁት ፋይል አለ፤ የትኛው አገር ሰዓቱን መቼ እንደገፋ፣ መቼ እንደመለሰ፣ ወደፊትም መቼ እንደሚነካው እዚያ ይገኛል። "ቤሩት" ብዬ ስጽፍ ፕሮግራሙ ሄዶ ያንን ያያል። "አዲስ አበባ" ስል ደግሞ ብዙ የሚያየው ነገር የለም፤ እኛ ሰዓት አንነካም።

ቪዲዮዎቹ ሁሉ "ጊዜን በዓለም አቀፉ ሰዓት አስቀምጡ፣ ለሰው ስታሳዩ ብቻ ወደ አገሩ ቀይሩት" ይላሉ። ላለፈ ነገር ትክክል ነው። ለሚመጣ ቀጠሮ ግን አይሠራም። ይህን ከቪዲዮ አላገኘሁትም፣ በረንዳ ላይ ካለቀሰችው ከእማዬ ነው የተማርኩት። ቀጠሮ ባለቤት አለው። "በአስር" ያለ አንድ ሰው አለ፣ አስሩም የሚቆጠረው በዚያ ሰው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሰዓት ነው። ስለዚህ ስንት ሰዓት ነው ከማለቴ በፊት የማን ሰዓት ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። የእሁዱ ስልክ በእማዬ ሰዓት አይመጣም፣ በእህቴም ሰዓት አይመጣም። ማዳም ከቤት ስትወጣ ነው የሚመጣው።

ገጿን በዚያ መንገድ እንደ አዲስ ሠራኋት። ከስልኩ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ወደ እማዬ ስልክ መልእክት እንድትልክም አደረግሁ፦ "እማዬ፣ ስልክሽን ክፈቺ፣ ልጅሽ ልትደውል ነው።" ቅዳሴ ስትገባም ስልኳን ከመዝጋት ድምፁን ብቻ እንድታጠፋ አስማማኋት። ከዚያ ወዲህ ገጿ አልዋሸችም። የብሎካችን እናቶችም ወሬውን ሰምተው "ለኔም አስገቢልኝ" እያሉ መጡ። የዱባዩን፣ የኩዌቱን፣ የሪያዱን አስገባሁላቸው። እነዚያ አገሮች ሰዓታቸውን አይነኩም። ከማዶ በር ያሉት ጎረቤታችን፣ ልጃቸው ሪያድ ያለችው፣ እማዬን "የኔዋ ልጅ ማዳም ሰዓት ላይ እጇን አታሳርፍም፣ ነገረኞቹ ያንቺዎቹ ናቸው" እያሉ ያበሽቋት ነበር። እማዬም "ላንቺ ልጅ እኮ የሚገፋ ሰዓት አልተረፋትም፣ ሌት ተቀን ነው የምትሠራው" ትላቸዋለች። ይሳሳቃሉ። ከዚያ ሁለቱም ስልካቸውን ያያሉ።

እማዬ በሰዓቱ መቀየር እስከ መጨረሻው አላመነችም። "ማሽንሽ የፈለገውን ይበል" ትላለች። መልእክቱ ሲመጣ ግን ተነስታ ፊቷን ትታጠባለች። ድምፅ ብቻ እንጂ ምስል እንደማይታይ ስንት ጊዜ ብነግራት ፊቷን ሳትታጠብ አናግራት አታውቅም።

እማዬ ያረፈችው በዐቢይ ጾም፣ የመጋቢት አጋማሽ እንዳለፈ፣ አርብ ጎህ ሲቀድ ነው። ደም ግፊት ነው አሉ። ከሰዓት በኋላ አቦ ቀበርናት።

ከቀብር ስንመለስ አጎቴ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ ወደ ጓዳ ጠራኝ። ድንኳኑ ሁለቱ ብሎኮች መካከል፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ ተተክሏል፤ ለቅሶው እስከ አራተኛ ፎቅ ይሰማል።

"ለልጅቱ ማን ነገራት?" አለኝ።

"ማንም፣ ጋሼ።"

"ማንም እንዳይነግራት። ኢንተርኔት ላይም ፎቶ የሚያወጣ ሰው እንዳይኖር ተናግሬያለሁ። ሰው ሄዶ ነው የሚያረዳት።"

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ይሄዳል፤ ሄዶም ብቻውን አይሄድም፣ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ ማለዳ በር ያንኳኳል። ስትወድቅ የሚይዛት ክንድ፣ ስትጮህ አብሯት የሚጮህ ሰው ሳይኖር እናትሽ ሞተች አይባልም። እህቴ የሰው ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ቆማ፣ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ፣ ይህን ከስልክ ከሰማች ማን ያነሳታል? ሦስታችንም፣ እማዬንም ጨምሬ ማለቴ ነው፣ የምንፈራው ይህንኑ ነበር። እማዬ በሕይወቷ ሳለች "እኔ አንድ ነገር ብሆን ልጄን በስልክ እንዳትገድሏት" ብላ ለአጎቴ ነግራው ኖሯል።

አጎቴ በዕድሩ ሰዎች በኩል ቤሩት ብዙ ዓመት የኖሩ አንዲት ሴት አገኘ። የአገራችን ልጆች እዚያ ሲታመሙም፣ ሲሞቱም የሚጠሩት እሳቸውን ነው። ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገን አወራናቸው።

"ማለዳ ማዳሟ አታስገባንም" አሉ። "ቤተሰቡ ሲወጣ ጠብቀን፣ እሷ ስልኳን ሳታነሳ በር ላይ እንደርሳለን። ወደናንተ የምትደውለው ስንት ሰዓት ነው?"

"አምስት ሰዓት" አለ አጎቴ። "እኔ ራሴ ስንት እሁድ እዚህ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።"

"በሀገር ቤት ሰዓት?"

"በሀገር ቤት።"

"እንግዲያው አትሥጉ። የእጄ ሰዓት የሀገር ቤት ነው። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረበት። እኔ አጎቴ አጠገብ ቆሜያለሁ። ጆሮዬ ይሰማል፣ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም።

እሁድ ሰልስቷ ነበር። ከአቦ ተመልሰን፣ ሰዉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። እኔ የእማዬ ክፍል ውስጥ ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክቼ አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ። ስልኩ ጮኸ፤ አጭር ጩኸት። አነሳሁት።

"እማዬ፣ ስልክሽን ክፈቺ፣ ልጅሽ ልትደውል ነው።"

የራሴን ቃል እንደ እንግዳ አነበብኩት። መልእክቱን ለሚልከው ሰርቨር እማዬ መሞቷን የነገረው ሰው የለም። መጀመሪያ እንባዬ መጣ። ቀጥሎ የስልኩን ሰዓት አየሁ። ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ቀድሞ መጣ። ለምን ቀደመ ብዬ ቀኑን ቆጠርኩ። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም።

ደረጃውን እየሮጥኩ ወርጄ አጎቴን ከድንኳኑ ጠራሁት።

"ጋሼ፣ ዛሬ ቤሩት ሰዓት ተቀይሯል። አራት ሰዓት ላይ ትደውላለች።"

ፊቴን አየኝ፤ ሲያይ እማዬን ይመስላል። "ልጄ፣ እንቅልፍ አላገኘሽም" አለኝ። "ውጪና ትንሽ ጋደም በይ።"

መልእክቱን አሳየሁት። አነበበው። ጠየቀኝ፣ አስረዳሁት፤ እማዬን ባስረዳሁበት ቃል። ግማሹን ስናገር ገባው። ቤሩት ደወልን።

"ልብስ እየለበስኩ ነው" አሉ ሴትየዋ። "ጊዜ አለን እኮ።"

"የለንም፣ እትዬ" አልኳቸው። "እዚያ ዛሬ ሰዓቱን ገፍተውታል። ማዳሞቹ አሁን ሊወጡ ነው።"

የእጃቸውን ሰዓት ሲያዩ፣ ከዚያ ስልካቸውን ሲያዩ የታየኝ መሰለኝ።

"አይ የኔ ነገር" አሉ ቀስ ብለው። "ስንት ዓመት ኖሬ።" ቀጥለውም "ሌሎቹን መንገድ ላይ እለቅማለሁ። ብቻዬን አልገባባትም። መንገዱ ግን ሩቅ ነው፣ ከስልኩ በፊት አልደርስም።"

አጎቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። "ይህቺ እህቷ ወሬ ካነሳች የሚያቆማት የለም" አላቸው። "እስክትደርሱ ትይዝላችኋለች።"

ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ ነው የሚሰድበኝ።

ጎረቤታችን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ለምን አትተዉትም፣ ሳይነሳ ቢቀር ምን አለበት?" አሉ። አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። እማዬ የእሁዱን ስልክ ሳታነሳ የቀረችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ዛሬ ካልተነሳ እህቴ ለሌላ ሰው ትደውላለች፣ ያም ሰው ያለቅሳል።

ከዚያ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አጎቴ ድንኳኑ መካከል ቆሞ እጁን አነሳ። "ልጅቱ ልትደውል ነው" አለ። "ገና አልሰማችም። ወገኖቼ፣ እባካችሁ ዝም በሉላት።" ሰዉ ሁሉ ዝም አለ። ሁለት ወንዶች ተነስተው ወደ ግቢው በር ሄዱ፤ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ከበር ጀምሮ እያለቀሰ ስለሚገባ እዚያው ሊያስቆሙት ነው። ከአራተኛ ፎቅ የማብሰያ ቤታችን መስኮት ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደረጉ ሴቶች ነበሩ። ወንበር የሚያንቀሳቅስ እንኳ የለም። ከመንገዱ የወያላ ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ "መካኒሳ፣ ሳር ቤት፣ መካኒሳ፣ ሳር ቤት።"

አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

"እማዬ?"

"እኔ ነኝ፣ ሚጣዬ።"

"እታለም! ደህና ነሽ? እማዬስ?"

ምን እላለሁ እያልኩ ስጨነቅ የነበረውን እሷው ሰጠችኝ። "ቆይ፣ ገባኝ" ብላ ሳቀች። "ዛሬ እኮ ሰዓት ተቀይሯል። በሷ ቤት ገና ነው፣ አይደል? ከአቦ አልተመለሰችም።"

"እሷን ታውቂያት የለ" አልኩ።

"ያንቺ ማሽን አልነገራትም እንዴ?"

"ነግሯት ነበር። ስልኩ እዚሁ ነው።"

"ፀሐይዋን ስትጠይቅ ነዋ። በይ እስክትመጣ አንቺ አውሪኝ። ጊዜ አለኝ፣ ገና መውጣታቸው ነው። ኧረ ወያላው ይሰማኛል። ጀሞ ዛሬ ምነው ጸጥ አለ?"

"እሁድ ነው" አልኳት።

አወራኋት። ውኃ በፈረቃ ስለመሆኑ፣ ታች ስለተከፈተው ዳቦ ቤት፣ ሊፍት ስለሌለው ሕንፃና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዕረፍት ስለሚወስዱት ጎረቤታችን አወራኋት። "እሺ" ትላለች፣ "ከዛስ" ትላለች። ጎረቤታችን አጠገቤ ቆመው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገዋል። አንዳንዴ እህቴ ዝም ስትል "እማዬ ቆየች" ልትል ነው ብዬ እፈራና ሌላ እጀምራለሁ። ወሬዬ ሊያልቅብኝ ሆነ። በሕይወቴ ወሬ ያለቀብኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ያኔ በጉ ትዝ አለኝ።

"ስለ ገናው በግ አልነገርኩሽም" አልኳት።

"የምን በግ?"

"እማዬ እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነው። ትስቅብኛለች ብላ።"

"ንገሪኝ። በሞቴ።"

በሞቴ ስትል ጎረቤታችን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ነገርኳት። እማዬ ለገና በግ ገዝታ፣ ሁለት ወጣቶች አራት ፎቅ አሸክማ፣ የምታስርበት ስታጣ ሽንት ቤት አስገባችው። በጉ ሲዘል በሩን በጀርባው ዘጋው፤ መቀርቀሪያውም ከውስጥ ወደቀ። የውኃ ቀናችን ነው፣ በርሜሉ ውስጥ ነው፣ ቧንቧው ደግሞ ተከፍቶ ቀርቷል። ውኃው መጣ። በርሜሉ ሞልቶ በበሩ ሥር መውጣት ጀመረ። እማዬ በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ፣ "የኔ ጌታ፣ ግንባርህን ወደ ላይ፣ እንደሱ፣ አይ ወደ ላይ እንጂ" እያለች በጉን ታስተምራለች። የታችኛው ፎቅ አባወራ ካልሲያቸው ርሶ እየተቆጡ መጡ። እማዬ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ "ዝም ይበሉ ጌታዬ፣ አሁን ሊገባው ነበር" አለቻቸው።

እህቴ ሳቀች። ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች፤ የሳቋ ድምፅ የእማዬ ነው። እኔም ሳቅኩ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሳቄ እውነተኛ ነበር። ጎረቤታችንም በነጠላቸው ውስጥ አፍነው ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁን ሳይጨርሱ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ።

"ከዛስ? ታረደ?"

"እንዴት ይታረዳል? ራሱ በሩን ሰብሮ ሲወጣ አቀፈችው። ይሄን ሁሉ ተነጋግረን እንዴት አርደዋለሁ አለች። ለቡ አጎቴ ዘንድ ላከችው። እስከ ዛሬ አለ፣ ወፍሯል።"

"እማዬ" አለች እህቴ፣ ሳቋ ገና ሳያልቅ። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "እግሯ ግን እንዴት ነው? ማበጡን ተወ? ለስላሳ ጫማ አይቼላታለሁ። ቁጥሯን ጠይቀሽ ያዢልኝ።"

የእማዬ ጫማ በሩ ሥር፣ ሐሙስ ማታ እንደተወችው ነበር።

"ሰላሳ ስምንት" አልኳት።

"ሳትጠይቂያት?"

"አውቀዋለሁ።"

"እታለም፣ ድምፅሽ..." ስትል በወዲያኛው በኩል የበር ደወል ሰማሁ።

"ቆይ፣ በር ነው። ማዳም ቁልፍ ረስታ ይሆናል። እንዳትዘጊው።"

ስልኩን እብነበረድ ነገር ላይ ስታስቀምጠው ሰማሁ። ነጠላ ጫማዋ እየራቀ ሄደ። ቁልፉ ዞረ። ማዳም ብትሆን ቶሎ የሚናገር ሰው ነበር። የተናገረ የለም። ሲቆይ አንዲት ሴት በአማርኛ "እንደምን አደርሽ፣ ልጄ" አለች።

"እትዬ? ምነው? ሁላችሁም... ምን ሆናችሁ መጣችሁ?"

የመለሰላት አልነበረም። ሴቶች ተሰብስበው ጥቁር ለብሰው በር ላይ ሲቆሙ ምን ማለት እንደሆነ መነገር የሚያስፈልገው ሰው የለም። ጩኸቷን ሰማሁ። ከዚያ የብዙ ሴቶችን ድምፅ፣ የሚንከባለል ነገር፣ "ያዟት፣ ያዟት" የሚል። ያዟት።

በመስኮቱ ብቅ ብዬ አጎቴን አየሁት። ቀና ብሎ ሲጠብቀኝ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁለት። እጁን አወረደ፣ ከድንኳኑም ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት፣ እዚያ የሚሰማው ባይኖርም። ያን ቀን ቤሩትና አዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ላይ ነበሩ። ስልኩን አልዘጋሁትም። ራሱ እስኪዘጋ ድረስ "አለሁ፣ ሚጣዬ፣ አለሁ" እያልኩ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት እሁዶች አልደወለችም። ሴትየዋ ናቸው ደህንነቷን የሚነግሩን፤ ማዳም ሦስት ቀን ከሥራ አሳርፋት፣ ሴቶቹም እየተፈራረቁ አብረዋት ተቀምጠው ነበር። ለማዳም አሁን ጧፉን የማበራው እኔ ነኝ። ለአርባዋ አጎቴ ያንን በግ አመጣለሁ ሲል የብሎኩ ሰው ሁሉ እምቢ ብሎ ሌላ ገዛን።

መልእክቱን ከፕሮግራሙ ላጠፋው ሁለት ሦስት ጊዜ ላፕቶፑን ከፍቼ ነበር። አላጠፋሁትም። ስለዚህ አንድ እሁድ "እማዬ፣ ስልክሽን ክፈቺ" ሲለኝ የእማዬን ስልክ ይዤ ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ላይ ጮኸ።

"እታለም" አለች። "ያን ቀን ስታስቂኝ ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"በጉ እውነት ነው?" አለችኝ።

"እውነት ነው።"

"የታችኛው ሰውዬ ካልሲም?"

"ካልሲውም።"

አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። "እንግዲያው ደግመሽ ንገሪኝ" አለች። "ገና መውጣታቸው ነው።"

በረንዳ ላይ ወጣሁ። ጥላው የፊት ለፊቱን ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ደርሷል። ከመጀመሪያው፣ እማዬ በጉን ከገዛችበት ጀመርኩላት።